መብረቅ ሰው አይመርጥም

የምኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ነው። ንፋስ ስልክ። የታክሲ ረዳቱ በአንድ ትንፋሽ «ንፋስልክ፣ ንፋስልክ!» ሲል ስንቱ ተሳፋሪ ቆም ብሎ ምን ማለት እንደሆነ ያስባል? ሽቦ ሳይዘረጋለት፣ በንፋስ ላይ ለሚሄደው መልእክት የድሮ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው። እኛ ዛሬ «ዋየርለስ» የምንለውን እነሱ በሁለት የአማርኛ ቃል ጨርሰውታል።

ስለ ሬዲዮ ጅማሬ ደግሞ ሁሌ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። በ1895 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ፖፖቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊዚክስ ሊቅ ከመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ መቀበያዎች አንዱን ሠራ። መሣሪያው ከሩቅ ይይዝ የነበረው ግን የሰው ድምፅ አልነበረም፤ መብረቅ ነበር። መብረቅ ብርሃንና ድምፅ ብቻ አይደለም፤ በወረደ ቁጥር የሬዲዮ ሞገድም ይረጫል። ዝናብ ሲቃረብ የድሮ ሬዲዮ የሚንጫረረው ለዚህ ነው። ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በእኛ ቤት ግን «ጣቢያው ተበላሸ» ተብሎ ሬዲዮው ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ክረምት ስለሆነ ነው። ጀሞ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ልብስ ይታጠባል፣ ልጆች ሜዳ ይወርዳሉ። ከምሳ በኋላ ፉሪ ላይ መጥቆር ይጀምራል። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አንድ ጊዜ ብልጭ ይልና ብሎኩ በሙሉ በአንድ አፍ ይጮኻል፦ «ሶኬት ንቀሉ!»

ይህች ትእዛዝ ስትወርድ ሁሉም ሰው ሥራውን ያውቃል። ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ፍሪጁ ይነቀላል፣ የዲሹ ገመድ ከሪሲቨሩ ይፈታል፣ ራውተሩ ይጠፋል። ጥሩ ነው። ሩቅ ቦታ መስመሩ ላይ ያረፈ መብረቅ ሽቦውን ተከትሎ ቤት ድረስ መምጣት ይችላል፤ ዕቃ ያቃጥላል። ግን በዚያች ሰዓት በመስኮት ወደ ውጭ ተመልከቱ። አንዷ ጎረቤት ልብስ ልታነሳ እየሮጠች ነው፤ ልብሱ የተሰጣው ሽቦ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ልጆች አሁንም ኳስ ይጫወታሉ፤ ዝናቡ እስኪጠነክር ማንም አይጠራቸውም። ማዶ ካለው ግንባታ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ባሕር ዛፍ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። የብሎኩ ጥበቃም እዚያው አብሯቸው ነው።

ቴሌቪዥኑን እናድናለን፤ ሰውየውን ዛፍ ሥር እናቆመዋለን።

ይህ ነገር እኔን የሚከነክነኝ በአጎቴ ምክንያት ነው። ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ገጠር የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ ቡሄ ካለፈ በሳምንቱ፣ በሬዎቻቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። መንገዳቸው ላይ ከሜዳው መሃል ብቻውን የቆመ ትልቅ ጥድ አለ። ተጠለሉ። መብረቁ ጋሼንና ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጣላቸው።

ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ መሐላ ነው።» «ነው እንጂ። ለምን እሱን ብቻ?» ጋሼ ከዓመት በፊት በእርሻ ድንበር ከአንድ ሰው ጋር ተካሰው፣ በሽማግሌ ፊት ምለው ነበር። እንዴት ብለው እንደማሉ መገመት ትችላላችሁ። «ብዋሽ መብረቅ ይምታኝ» የማይባልበት አገር የለም። እነዚያ ሴቶች ትንሽ ቆይተው ተነሡና ደረታቸውን እየደቁ ከሁሉም በላይ አለቀሱ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ያን ቀን ገባኝ።

ሹክሹክታው በለቅሶው አላበቃም። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ሐዘንተኛ ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ በሐሰት የማለ ሰው ሚስት ሆኑ። ገበያ ሲሄዱ ወሬ ይቋረጣል። ልጃቸው ለጋብቻ ስትታጭ «የመብረቅ ቤት» ያለ ሰው ነበር። በመጨረሻ ልጅቷ አዲስ አበባ ሥራ ስትይዝ ይዛቸው መጣች። አሁን ጀሞ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሲያጉረመርም መስታወቱን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው ካለ ያስወልቃሉ፣ ከዚያ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ስለ ጋሼ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም ነበር።

ከሁለት ክረምት በፊት ግን አንድ ማታ መብራት ሄደና እሳቸው ጋ ወጣሁ። ሻማ በርቶ ነበር። ውጭ ሰማዩ ይሰነጠቃል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አንተ የኤሌክትሪክ ነገር ነው አይደል የተማርከው?»

እውነት ነው። ኮድ መጻፍ በኋላ የመጣ እንጀራ ነው፤ ዲግሪዬ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው።

«አዎ፣ እትዬ።»

«መብረቅ ሰው ያውቃል?»

አምስት ዓመት ተምሬ እንዲህ ያለ ፈተና ቀርቦልኝ አያውቅም። በምችለው ቋንቋ ጀመርኩ።

ደመናው ውስጥ፣ ከፍታው ላይ፣ ትንንሽ በረዶዎች አሉ። ነፋሱ ወደ ላይ ሲገፋቸው፣ ክብደታቸው ወደ ታች ሲስባቸው ይፋተጋሉ። ሹራብ ስናወልቅ ጨለማ ውስጥ እንደሚንጣጣው ማለት ነው፤ የዚያ እጅግ የትየለሌ። ብዙውን ጊዜ የደመናው ታች ኔጌቲቭ ይሆናል። ሲበዛበት አንድ መስመር ወደ መሬት ይነሳል፤ ግን ቀጥ ብሎ አይመጣም። አሥር አሥር ሜትሮችን እየዘለለ፣ እየተቀጠለ፣ ባገኘው አቅጣጫ ነው የሚወርደው። ከደመናው ሲነሳ የት እንደሚያርፍ የተወሰነ ነገር የለም። መሬት ሊደርስ ጥቂት አሥር ሜትሮች ሲቀሩት፣ ታች ካሉ ቆም ቆም ያሉ ነገሮች ጫፍ፣ ከዛፍ፣ ከምሰሶ፣ ከቆመ ሰው፣ ወደ ላይ የኤሌክትሪክ ጅማቶች ይነሳሉ። መጀመሪያ የተገናኘው መንገዱ ይሆናል። በቃ። እዚያ ውስጥ ስም የለም፣ መሐላ የለም፣ የእርሻ ድንበር የለም። ርዝመትና ርቀት ብቻ።

«ታዲያ ዛፉን ከመታ እሱን ምን አገኘው?»

ይህ ጥያቄ ነው መቅደም ያለበት። ብዙ ሰው የሚያልቀው በቀጥታ ተመትቶ አይደለም። አንድ መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ የቤታችን ብሬከር በ16 ወይም በ20 የሚወድቅ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት በዛፉ ግንድ ሲወርድ፣ አጠገቡ ከእንጨቱ የተሻለ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር ካገኘ ይዘላል። የሰው አካል ይሻለዋል። የቀረው ደግሞ ሥር ላይ ደርሶ በመሬቱ ይበተናል፤ ኩሬ ላይ ድንጋይ ሲወረወር ውኃው ክብ እየሠራ እንደሚሰፋው። ከዛፉ በራቅን ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። እግሮቻችንን አራርቀን ከቆምን ግን አንደኛው እግር ያለበትና ሁለተኛው ያለበት መሬት እኩል አይሆኑም፤ ልዩነቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በሬ ደግሞ የፊትና የኋላ እግሩ ይራራቃል፤ ልቡም በመሃል ነው። አንድ ዛፍ ሥር የተጠለለ መንጋ አብሮ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

እትዬ ብዙ ዝም አሉ። ሻማውን አዩ። ከዚያ፦

«በሬዎቹስ?» አሉ። «እነሱም በሐሰት ምለው ኖሯል?»

ብለው ሳቁ። ጋሼ ካረፉ ወዲህ በእሳቸው ነገር ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔ የማመጣው ማስረጃ ሁሉ ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ለሚጠራጠር ሰው ግን ልጨምር። በ2016 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ሃርዳንገርቪዳ በሚባል ደጋ 323 አጋዘኖች በአንድ የመብረቅ ማዕበል ሞተው ተገኙ፤ ተጠጋግተው እንደቆሙ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሩዋንዳ ውስጥ መብረቅ የወረደው ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው፤ ሊያመልኩ ከተሰበሰቡት 16 ሰዎች ሞቱ። በ2011 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ፣ ሩንያንያ የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 18 ተማሪዎችን በአንድ ከሰዓት አጣ። በፈረንሳይ አገር ድሮ ነጎድጓድ እንዲበተን ደወል ይደወል ነበር፤ ከ1753 እስከ 1786 ባሉት ዓመታት ብቻ 103 ደዋዮች በመብረቅ እንደሞቱ ተመዝግቧል። ጸሎት ላይ የነበሩ፣ የፊደል ልጆች፣ ደዋዮች። ኃጢአተኛ የሚመርጥ ነገር ቢሆን ይህን ዝርዝር ያወጣል?

ሃይማኖት ላይ እየተናገርኩ አይደለም። እንዲያውም ለእትዬ ጉዳዩን የዘጉላቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን አስታወሷቸው፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች የተነገረውን። እነዚያ ከሌላው የከፉ በደለኞች ነበሩ ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ መልሱ አይደለም ነበር። በመብረቅ ጊዜ ማማተብ ሌላ፣ በሞተ ሰው ላይ መፍረድ ሌላ።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልመልሳችሁ። ሲስተም ሲወድቅ፣ ከተነሳ በኋላ «ፖስትሞርተም» የምንለውን ሰነድ እንጽፋለን። ምን ሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን፣ ሁለተኛ እንዳይሆን ምን ይቀየር። በደንብ በሚሠራ ቡድን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ የሰው ስም አይጻፍም። ይህ ለደግነት ብቻ የወጣ ሕግ አይደለም። ጥፋተኛ ያገኘ ሰው መፈለግ ያቆማል። «እገሌ ነው ያጠፋው» ከተባለ ስብሰባው ያልቃል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ስህተቱን የፈቀደው ኮድ ግን እዚያው እንዳለ ይቀመጣል። በወሩ ሌላ ሰው እዚያው ላይ ይወድቃል።

የጋሼ መንደርም የሆነው ይኸው ነው። ጥፋተኛ ተገኘ፤ ሟቹ ራሱ። ስለዚህ ማንም ስለ ዛፉ አላነሳም። ዛፉ አሁንም ቆሟል። እረኞች አሁንም ዝናብ ሲመጣ ከብቶቻቸውን ይዘው እዚያው ይጠለላሉ፤ እነሱ በሐሰት አልማሉማ! አሉባልታው የእትዬን ስም ብቻ አይደለም ያበላሸው። የሚቀጥለውን ሰው ሊያድን የሚችለውን አንድ እውቀት ሸፍኖታል።

እንግዲህ ስም የሌለበት ፖስትሞርተም ብንጽፍ ምን ይወጣዋል?

መጀመሪያ መቁጠር። የመብረቅ ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፈጥኖ አየሩን ስለሚሰነጥቀው ነው፤ ነጎድጓድም የዚያ ታላቅ ወንድም ነው፤ መብረቁ አየሩን 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲያግለው አየሩ ይፈነዳል። ብልጭ ሲል ቁጠሩ። ከ30 ሳትደርሱ ከሰማችሁት 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ቀጣዩ እናንተ ጋ መውረድ ይችላል። ያኔ ኳሱ ይቆማል፣ ልብሱ ሽቦው ላይ ይቀራል፣ የቀን ሠራተኛው ከፌሮውና ከመወጣጫው ወርዶ ይገባል። መውጣት የሚቻለው ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። ዝናብ መጀመሩን አትጠብቁ፤ መብረቅ ከዝናቡ ቀድሞም ሊወርድ ይችላል።

የት እንግባ? ፌሮና የኤሌክትሪክ መስመር ያለው የኮንክሪት ሕንፃ ጥሩ ነው፤ ብረቱ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ያወርደዋል። ውስጥ ከሆናችሁ ግድግዳ አትደገፉ፣ ሻወር አትውሰዱ፣ ዕቃ ማጠቡ ይቆይ። ጣሪያው ብረት የሆነና መስኮቱ የተዘጋ መኪናም ያድናል፤ ብዙ ሰው እንደሚለው በጎማው ምክንያት አይደለም፤ የብረቱ አካል ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ዙሮ እንዲያልፍ ስለሚያደርገው ነው። ባጃጅ ግን መኪና አይደለም፤ የአውቶቡስ ፌርማታ መጠለያም ቤት አይደለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የጭቃ ቤት ሙሉ ጥበቃ ባይሰጥም ሜዳ ላይ ካለ ዛፍ ይሻላል።

ሶኬት መንቀል ሲያጉረመርም ከሩቁ ነው። ደርሶ እላያችን ላይ ሲጮህ ሮጦ ሶኬት መጨበጥ ለቴሌቪዥን ብሎ እጅን ማስያዝ ነው። ሞባይል መብረቅ አይጠራም፤ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ከተናገራችሁበት ግን ራሳችሁን ከግድግዳው ሽቦ ጋር አገናኛችሁ። የልብስ ቀለም ምንም አይለውጥም። መስታወቱን መሸፈን አይጎዳም፤ አይጠቅምምም። አንዴ የተመታ ቦታ ሁለተኛ አይመታም የሚለውንም እርሱት፤ ረጅም ነገር ረጅም እስከሆነ ድረስ ይመታል።

ሜዳ ላይ የሚጠጉበት ያጡ ደግሞ ከብቸኛው ዛፍ፣ ከኮረብታው ጫፍ፣ ከሽቦ አጥር ይራቁ፤ ዝቅ ወዳለ ቦታ ይውረዱ፤ እርስ በርስ ይራራቁ፤ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲደርስለት። መሬት ላይ አይተኙ። እግር መግጠም ይረዳል፤ ግን ቤት እንደመግባት የሚሆን ነገር የለም።

ሰው ከተመታስ? ይህን ለሁሉም ንገሩ፤ የተመታ ሰው ሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ መንካት አይገድልም። አብዛኛው የተመታ ሰው ይተርፋል። የሞተ የሚመስለው ልቡ ወይም ትንፋሹ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ከተመታ ከሚጮኸው በፊት ዝም ያለው ጋ ሂዱ። ካልተነፈሰ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ በኃይል ተጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፤ ሌላ ሰው 907 ብሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። የጋሼን አስከሬን ካህኑ እስኪመጡ ማንም አልነካውም ነበር፤ «የመብረቅ ነው» ተብሎ።

በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አውሮፓውያን መብረቅን ከላይ ሆኖ የሚመለከት መሣሪያ ያለበት ሳተላይት አመጠቁ፤ አፍሪካንም ያያል። ፉሪ ላይ የወረደውን ብልጭታ ከ36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚቆጥር ካሜራ አለ ማለት ነው። ያ መረጃ በጽሑፍ መልእክት ሆኖ እረኛው ኪስ ውስጥ ያለችው ተራ ስልክ ላይ እንዲደርስ ማድረግ የእኔ ዓይነት ሰዎች ሥራ ነው፤ አምሽቼ የምሞካክረውም እሱን ነው። እስከዚያው ግን ዓይንና ጆሮ፣ እስከ 30 መቁጠርም ይበቃል።

እትዬ አሁን በብሎኩ ከሁሉ ቀድመው የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። በረንዳ ላይ ቆመው ብልጭ ሲል ጮክ ብለው ይጀምራሉ፤ ሃያ ላይ ከሰሙ ልጆቹን በየስማቸው ከሜዳ ይጠራሉ። ባለፈው ሐምሌ ደግሞ አገር ቤት ደውለው ነበር። ከብቶቹን አሁን የሚጠብቀው የእህታቸው ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ።

«ከዚያ ጥድ ሥር እንዳትጠጋ፤ ከብቶቹንም እንዳታስጠጋ። ሲያጉረመርም ገና ወደ ቤት ንዳ፤» አሉት።

«እህ፣ ዝናቡ ቢይዘኝስ?»

«ርጠብ፤ የረጠበ ይደርቃል።»